ፈረንሳይኛን እስክትጨርስ

ከላሊበላ ልንወጣ በዋዜማው ማታ አባቴ ለእኔ አንድም ምክር አልመከሩኝም፤ ምክር እኔ ላይ እንደማይረጋ ከጥንትም ያውቃሉ። የመከሩት ልጄን ወለላን ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከፊታቸው አቁመው፣ የእጅ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው፣ «የካህን ዘር ነሽ፤ በሰው አገር እንዳታሰድቢን። ትምህርቱን ሳትጨርሺ በመምህር ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ ገዝቼሻለሁ» አሏት። ሊሸኘን የመጣው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ራሳቸው ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቁ። ወለላ ግን አልሳቀችም። መስቀሉን ስማ «እሺ» አለች።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ በደወላችሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ ስለ ብርዱና ስለ ሥራው ነው። ብርዱንም ሥራውንም እነግራችኋለሁ፤ ነገር ግን እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት የጨረስኩት ያቺን አንዲት ቃል ከልጄ አፍ ላይ ለማንሣት ስታገል ነው። ግዝት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያሰረው ካህን ካልፈታው ማን ይፈታዋል?

ሲነጋጋ በሚኒባስ ወጣን። መንገድ ተከፍቷል የተባለበት ቀን ነበር፤ መንገድ ተከፍቷል ከተባለ ደግሞ ተነሥቶ መሄድ ነው፣ እስኪዘጋ አይጠበቅም። ጋሸና ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሲቆም፣ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል ብዬ ወለላን በጋቢ ጠቀለልኳት። አሁን ሳስበው ያን ንፋስ ብርድ ብዬ መጥራቴ ያሳፍረኛል። ጋሸና ሆይ፣ ይቅር በይኝ፤ በብርድ የምናማሽ ሙጃም እንደዚሁ።

ካናዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንዱ ኃላፊ ሻንጣችንን ከፍቶ በሶውን አወጣና ምንድነው አለኝ። ገብስ ነው አልኩት። ለምን ተፈጨ አለኝ። ተቆልቶ ነዋ። ለምንስ ተቆላ? እንዲፈጭ። አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም አሸተተው፤ ከዚያ ሁለቱም ደከማቸውና ለቀቁን። ባለቤቴ ሙሉ ከእኛ ቀድማ ሄዳ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ስለነበር፣ ቤት ተከራይታ ጠበቀችን። ከተማዋ ዊኒፔግ ትባላለች። ሜዳ ናት። አቀበት የሚባል ነገር ለመድኃኒትም አይገኝባትም። ለላስታ ሰው ደግሞ አቀበት የሌለው አገር ያስጨንቀዋል፤ ቤቱን ከየት ሆኖ ቁልቁል ይየው?

በረዶው ሲመጣ ቤት አከራያችን በር አንኳኩቶ ከደጅህ ላይ አንሣው አለኝ። እኔ አላፈሰስኩትም አልኩት። እኔም አላፈሰስኩትም አለኝ። እንግዲያው ያፈሰሰው ያንሣው አልኩት። አካፋ አስጨብጦኝ ሄደ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ በልጅነቴ ቤተ ማርያም ደጃፍ የቱሪስት ጫማ ጠባቂ ነበርኩ። ጎብኚው አውልቆ ይገባል፣ እኔ እጠብቃለሁ፣ ሲወጣ የየራሱን አቀብላለሁ። ኋላ አስጎብኚ ሆንኩ፤ እንግሊዝኛ በደንብ፣ ፈረንሳይኛም ለሥራው ያህል ያዝኩ። ዝቅ ያለ በር ላይ «አታንሲዮን ላ ቴት»፣ ራስዎን ይጠብቁ ብዬ ስንቱን ፈረንሳይ ግንባሩን ከመፈንከት አድኛለሁ። «ኦንዝ ኤግሊዝ» ስል አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ማለቴ ነው። እነሱ መልሰው የሚጠይቁኝን ግን አልሰማውም፤ ለሁሉም «መላእክት ረድተውታል» እላለሁ፣ ይረካሉ።

ታዲያ ሰፈራችን ውስጥ ሕፃናትን ሙሉ በሙሉ በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩበት ክፍል እንዳለ ስሰማ ልቤ ዘለለ። «ኢመርዥን» ይሉታል፤ ልጁን ከነልብሱ ቋንቋው ውስጥ መንከር ነው። ባለቤቴ ሙሉ ግን፣ እንግሊዝኛው ይበቃታል አለች። እኔ ፈረንሳይኛ እኮ እችላለሁ፣ ቤት ውስጥ አስጠናታለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ።

«አንተ ፈረንሳይኛ የምትችለው በር ዝቅ ሲል ነው» አለችኝ።

ሰማኋት? አልሰማኋትም። አስመዘገብኩ። ላሊበላም ደውዬ የልጅ ልጃችሁ ፈረንሳይኛ ልትማር ነው አልኳቸው፤ አባቴ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለሰበካው ሁሉ ተናገሩ። እንግዲህ ወሬው ደብር ገብቷል፤ ደብር የገባ ወሬ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም።

መምህርቷ ማዳም ክሎዲን ይባላሉ። በዕድሜ ከታናሽ እህቴ ያንሳሉ፤ መምህር ናቸውና በልቤም ቢሆን አንቺ ማለት አይሆንልኝም። እሳቸው ግን መሬት ላይ ከሕፃናቱ ጋር ይንከባለላሉ። ክፍሉን ባያችሁልኝ! ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። የሚዜም የለም፣ የሚደገም የለም፣ የሚቆነጠጥማ ጭራሽ። በረዶውን ከውጭ በገንዳ ያስገቡና ከበው ሲቀልጥ ያያሉ፤ ውሃ ሲሆን ያጨበጭባሉ። ውጭ ይወጡና ቀለም የገባበት ውሃ በረዶው ላይ እየረጩ ፊደል ይጽፋሉ፤ በማግስቱ ሌላ በረዶ ወርዶ ያለብሰዋል፤ እንደገና ይጽፋሉ። ከበረዶ ካብ ይክባሉ፤ «ፎር» ይባላል፣ ምሽግ ማለት ነው። በኛ አገር ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እዚህ ልጅ ያቦካውን ፎቶ አንሥተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ለሙሉ ማታ ማታ፣ ይሄን ይሄን ለማየት ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው እላታለሁ። እሷ ከሥራ ደክማ ትመጣለች፣ እያዳመጠችኝ ትተኛለች።

ገናን እንዳከበርን ማዳም አስጠሩኝ። ወለላ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችም አሉኝ። የታዘዘችውን ሁሉ ታደርጋለች፣ ትስቃለች፣ ትስላለች፤ ድምፅ ግን የለም። ጆሮዋን አስመርምረው ደህና ነው ተብለዋል። ማዳም እጃቸውን እያፍተለተሉ፣ እስከ መጋቢቱ ዕረፍት ካልተናገረች ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ብትዛወር ይሻላል የሚል ሐሳብ እንዳለ ነገሩኝ። እንግሊዝኛው ክፍል ሌላ ሕንፃ ነው፤ ያለቻትን አንዲት ጓደኛ እዚህ ትታ ነው የምትሄደው። ጓደኛ ለማግኘት ስንት ወር እንደፈጀባት እኔ አባቷ አውቃለሁ።

ቤት ገብተን ቦት ጫማዋን ሳወልቅላት፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ አልኳት። ምን ልበላችሁ፣ የቀኑን ሁሉ በፈረንሳይኛ አወረደችው! መዝሙሩን፣ ተረቱን፣ ማዳም የተቆጡትን ሳይቀር በማዳም ድምፅ። እኔ «ኔዥ» በረዶ መሆኑን ብቻ ለይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አትናገሪም አልኳት።

«አልጨረስኩትማ» አለች።

«ምኑን?»

«ፈረንሳይኛውን። አባባ ገዝተውኝ የለ?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኔው ጉድ ጥር ደረሰ። ልጄ ባየችው አገር ትምህርት ይጨረሳል። ፊደል ይቆጠራል፣ ያልቃል፤ ንባብ ይወጣል፣ ያልቃል፤ ዳዊት ይደገማል፣ ያልቃል፤ ሲያልቅ ድግስ ይደገሳል። ፈረንሳይኛም የሚያልቅበት ቀን አለው ብላ፣ እስከዚያው አፏን ዘግታ ታጠናለች። የስንት ሰው ልጅ አደራ በልቶ ሲያድር፣ የኔዋ ለአያቷ ቃል ስትታመን ከክፍሏ ልትባረር ነው። ማቀፍም መቆጣትም አማረኝ፤ አቀፍኳት።

በማግስቱ ሄጄ ለማዳም ነገርኳቸው። ጥፋቴ አጭር አድርጌ መናገሬ ነው፤ «አባቴ ቄስ ናቸው፣ አፏን አስረውባታል» አልኩ። ማዳም ቀለማቸው ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፊት ተቀመጥኩ። በምን ነው የታሰረችው አለችኝ። በቃል አልኳት። አፏን የነካት ሰው አለ? ከመስቀል በቀር የለም። መስቀሉ ከምንድነው የተሠራው? ከእንጨት። ያማል? ይባርካል እንጂ! አያትየው አሁን የት ነው ያሉት? ላሊበላ። ደውለን ልናነጋግራቸው እንችላለን? እኔስ ብችል እዚህ ምን እሠራለሁ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ። ደግ ሴት ናት፣ ሥራዋ ሆኖባት ነው።

እውነቴን ነበር። የዚያን ሰሞን ላሊበላ ስልክ አይገባም። ጠዋት እደውላለሁ፣ የለም። ማታ እደውላለሁ፣ የለም። እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ እናንተ እኛን፣ እኛ እናንተን እንደሞተ ሰው ስናስብ የከረምንበት ጊዜ ነው። አባቴ ደህና ይሁኑ አይሁኑ ሳላውቅ፣ የግዝት ነገር ማሰቤ ለራሴም ይገርመኝ ነበር።

ወለላን ይዤ እዚሁ ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ። ቄሱ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ሕፃን ልጅ ምን ግዝት ያዛት፣ አያቷ ለምክር ብለው ነው አሉ። ይሄንኑ ለእሷ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ነገሯት። አንገቷን ደፍታ ሰማች፣ መስቀሉን ተሳለመች። ስንወጣ «እሳቸው እኮ አልገዘቱኝም» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የቄስ የልጅ ልጅም እንደዚያው ናት።

ሲጨንቀኝ የማልሆነው ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ኩሽና ገባሁና በሙሉ ስልክ ላይ ደወልኩላት፤ ሙሉ በመከራ ሳቋን ይዛ፣ ወለላ፣ አባባ ናቸው ብላ አቀበለቻት። ድምፄን አጎርንኜ፣ እንደ አባቴ ሳል ጨምሬበት፣ ልጄ ወለላ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አልኩ። «አባዬ፣ ሽሮው እያረረብህ ነው» አለችኝ። እውነትም አርሮ ነበር።

በዚህ መሐል ማዳም ለወላጆች መልእክት ላኩ፤ ሕፃናቱን ለበረዶ የሚያለብስ ረዳት ይፈለጋል። በዚያ ሰሞን የማታ ፈረቃ ሥራ ጀምሬ ስለነበር ቀን ቀን ሄድኩ። መቼም እዚህ ልጅን ወደ ውጭ ማውጣት ካህን ለቅዳሴ እንደማልበስ ነው። የበረዶ ሱሪው፣ ካፖርቱ፣ የአንገት ልብሱ፣ «ሚቴን» የሚሉት ጣት የሌለው ጓንት፣ «ቱክ» የሚሉት ቆብ፤ ሁሉም ተለብሶ ሲያበቃ አንዱ ሽንት ቤት ይላል፣ እንደገና ይወልቃል። በሩ ላይ ደግሞ የቦት ክምር። ተቀምጬ ለየእግሩ አቀብላለሁ። ጫማ ጥበቃን ጥዬ አስጎብኚ ስሆን እናቴ ስለት አስገብታ ነበር፤ ልጅሽ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተመልሶ በር ላይ ጫማ ይጠብቃል ብላችሁ እንዳትነግሩብኝ።

አልብሼ ጨርሼ ተከትያቸው ወጣሁ። ብርዱ የዓይን ሽፋሽፍት ያጣብቃል። ሕፃናቱ ምሽጋቸውን እየካቡ ነው። ከካቡ ወዲያ አንዲት ልጅ «ኖን! ፓ ላ! ኢሲ!» እያለች ትጮሃለች፤ እዚያ አይደለም፣ እዚህ ነው። አንዱን ታዛለች፣ ሌላውን ትገፋለች፣ በረዶው በወፍራሙ እንዲደረደር ትከራከራለች። ፊቷ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ጠጋ ብዬ ባይ፣ የኔዋ ወለላ! ማዳም ሲጠጉ ድምፅ ጠፋ። ማዳም ሲርቁ ቀጠለች። ጎትቼ አወጣኋትና፣ አንቺ ተገዝተሽ የለ እንዴ አልኳት።

«ይሄ ጨዋታ ነው እኮ» አለችኝ፤ ነገሩ እኔን አለመግባቱ እየገረማት። «አባባ የገዘቱኝ ትምህርት ላይ ነው።»

እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ከመስከረም ጀምሮ ይሄ ምን ትምህርት ነው፣ ጨዋታ ነው እያልኩ የከረምኩት ማን ነው? እኔ። እንግዲህ ቢያንስ አሁን ይጥቀመኝ ብዬ ወደ ማዳም ሄድኩ። ስለ ግዝቱ አማካሪዋ በደንብ አስረድታቸው ስለነበር አልደነገጡም። ማዳም፣ እባክዎ ለልጄ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ጨዋታ ነው፣ ትምህርት አይደለም ይበሏት አልኳቸው።

ማዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። በየዓመቱ የወላጅ ስብሰባ ሲኖር እንዳንተ ያለው አባት ተነሥቶ ልጆቻችን ሲጫወቱ ነው የሚውሉት ይለኛል፤ እኔ ጨዋታው ራሱ ትምህርት መሆኑን ሳስረዳ ድምፄ ይዘጋል፤ አሁን በራሴ አፍ ካጂ ትለኛለህ? አሉኝ። ሲናገሩ ከአፋቸው ጭስ ይወጣል። እንዳንተ ያለው አባት ያሉት ራሴን መሆኑን አውቃለሁ፤ መስከረም ላይ ተነሥቼ የተናገርኩት እኔ ነኛ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከአንጀቴ ነው የጠየቅኳቸው፤ አስጎብኚ ሳለሁም እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። መጋቢት እየመጣ ነው አልኳቸው። ይሄን ጊዜ ልባቸው ራራ።

ሄደው ወለላ ፊት በረዶው ውስጥ ተንበረከኩ። «ኢሲ፣ ኦን ዡ» አሏት፤ እዚህ እንጫወታለን። በእጃቸው ውጩንም አሳዩ፣ ሕንፃውንም አሳዩ። ወለላ እሳቸውን አላመነችም፤ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ እንግዲህ የቄስ ልጅ፣ ለትምህርት ብዬ አገር የለቀቅኩ ሰው፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እውነታቸውን ነው ልጄ፣ እዚህ ትምህርት የሚባል ነገር የለም» አልኳት።

ገብተን እያወለቅን ሳለ፣ ጠዋት በገንዳ የገባው በረዶ ውሃ ሆኖ ጠበቀን። ማዳም ዙሪያውን ሰበሰቧቸውና በረዶዋ የት ሄደች አሉ። እኔ በሩ ላይ አንድ እግር ቦት ይዤ ቆሜያለሁ። ሕፃናቱ ገንዳው ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ወለላ «ኤል ኤ ፓርቲ» አለች፤ ሄደች ማለት ነው። ጓደኛዋ ዘላ አቀፈቻት። ማዳም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ። መጋቢት ሲደርስ ማዳም ደግሞ ሌላ አቤቱታ አመጡ፤ ልጅህ ዝም አትልም፣ ሰው አታስወራም አሉኝ። ወደ እንግሊዝኛው ክፍል መዛወሯም ቀረ።

አለቀ ብዬ ነበር። ሆኖም አንድ ቀን በኮሪደሩ ስናልፍ ወለላ በመስኮት ሁለተኛ ክፍልን አየች። ሕፃናቱ በሰልፍ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ቆም ብላ አየቻቸውና፣ ይሄኛው ግን ትምህርት ነው፣ እዚህ ስገባ ዝም እላለሁ አለች። በቁጣም አይደለም፤ ነገ ሐሙስ ነው እንደማለት ነው ያለችው።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ ደብራቸው ያለ ዲያቆን ስልክ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። አባቴ ኔትወርክ ይያዛል የተባለበትን ፍለጋ የአሸተን ማርያምን አቀበት ግማሹን ወጥተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የደወሉት። ድምፃቸውን እንደሰማሁ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆምኩ። እሳቸው የከብቱን፣ የጎረቤቱን፣ የሞተውንና የተወለደውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። በጀርባ ንፋሱ ይሰማል። ቀጥለው ልጄ ፈረንሳይኛውን ጨረሰች ወይ አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የገዘትኳት? አሉ፤ ጭራሽ ረስተውታል። ሲስቁ አቀበቱ ሁሉ የሚስቅ መሰለኝ። እሳቸው ስቀው እስኪያበቁ ጠብቄ፣ አባባ፣ መስከረም ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፣ እንግዲህ አሁኑኑ ይፍቱልኝ፣ እነሆ አጠገቤ ናት አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ንፋሱ ብቻ ቀረ፤ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ግዝት በስልክ አይፈታም። መስቀሉን ሳትሳለም እንዴት አድርጌ? ይዘሃት ና፣ እፈታታለሁ።»

ቤይሩት ያለችውን የጎረቤታችንን ልጅ በስልክ ሲፈቷት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ይሄን ያውቃሉ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። እሺ አባባ አልኳቸው።

ወለላ ስልኩን ተቀበለችኝና፣ አባባ እንደምን አሉ፣ መቼ ልምጣ አለቻቸው። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ መስመሩ ሄደ። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ።

«አባትሽን ጠይቂ አሉኝ» አለች።

መንገዱ ሲከፈት፣ የመኖሪያ ወረቀታችን ተሠርቶ ሲያልቅ፣ እናትሽ ፈቃድ ስታገኝ እያልኩ ቆጠርኩላት። ጥርሷ በወለቀበት በኩል ምላሷን እያሾለከች አሰበችበት።

«እንግዲያው እስክንሄድ ድረስ» አለችኝ፣ «ሁለተኛ ክፍል እንዳታስገባኝ።»